ሜዲትራኒያን ደርቆ ነበር? ረቂቅ የባሕር ቅሪተ አካላት የሰጡት ምስክርነት

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1970 «ግሎማር ቻሌንጀር» የተሰኘችው የጥልቅ ባሕር ቁፋሮ መርከብ ከሊዝበን ተነሥታ በጂብራልታር ሰርጥ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ገባች። ጉዞው የጥልቅ ባሕር ቁፋሮ ፕሮጀክት 13ኛ ዙር ሲሆን፣ በጋራ የመሩት ከአሜሪካ ዊልያም ራያን፣ በዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው ቻይና ተወላጁ ኬነዝ ሹ ነበሩ። የምድር ሰሌዳዎች እንቅስቃሴ ንድፈ ሐሳብ ገና አዲስ ስለነበር የዙሩ ዋና ዓላማ በአፍሪካና በአውሮፓ መካከል ያለው የባሕር ወለል እንዴት እንደተፈጠረ መመርመር ነበር። መርከቧ በኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ወደ ሊዝበን ስትመለስ ግን አጥኚዎቹ በእጃቸው የያዙት ሌላ ክርክር ነበር፤ ይኸውም ከአምስት ሚሊዮን ዓመታት በላይ ቀደም ሲል ሜዲትራኒያን ከውቅያኖስ ተቆርጦ ደርቆ ነበር ወይስ አልነበረም የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የጨው ታሪክ ሆኖ ነው። ጨው ግን የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃው መትነኑን። ውሃው ከመትነኑ በፊት ጎድጓዳው ምን ያህል ጥልቅ እንደነበር፣ ባሕሩ መቼና እንዴት እንደተመለሰ፣ በመካከሉስ ምን ዓይነት ውሃ እንደነበረ ጨው አይነግረንም። እነዚህን ጥያቄዎች የመለሱት በዓይን የማይለዩ የባሕር ፍጥረታት ዛጎሎች ናቸው። የጉዳዩ ትልቁ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ይህ ጽሑፍ በአመዛኙ የሚያተኩረው በእነርሱ ላይ ነው።

ከቁፋሮው በፊት የሚታወቀው

ከ1970 በፊት በነበሩት ዓመታት በድምፅ ሞገድ የተካሄዱ ቅኝቶች ከሜዲትራኒያን ወለል በታች፣ በአብዛኛው ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ሞገዱን አጥብቆ የሚመልስ ጠንካራ ንብርብር እንዳለ አሳይተው ነበር። አጥኚዎች «ኤም» የሚል ስም የሰጡት ይህ ንብርብር ከስፔን አጠገብ እስከ ምሥራቁ ዳርቻ ድረስ በየቦታው ይታያል። ከሥሩም በአንዳንድ አካባቢ ወደ ላይ የገፉ፣ የጨው ጉልላት የሚመስሉ ቅርጾች ነበሩ። በየብስ በኩል ደግሞ በሲሲሊ፣ በስፔንና በሌሎች የባሕሩ ዳርቻዎች ወፍራም የጀሶና የጨው ንብርብሮች እንዳሉ ከታወቀ ቆይቷል፤ እነዚህ ንብርብሮች የተሠሩበት ዘመን መጠሪያ የሆነው «ሜሲኒያን» እንኳ የመጣው ከሲሲሊዋ ከመሲና ከተማ ነው። ያልታወቀው የየብሱ ጀሶና በባሕሩ ሥር ያለው ጠንካራ ንብርብር የአንድ ክስተት ውጤቶች መሆን አለመሆናቸው ነበር።

የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው በስፔን ቫሌንሲያ ፊት ለፊት፣ ከሁለት ሺሕ ሜትር በላይ በሆነ ውሃ ሥር በተቆፈረው 122ኛው ጣቢያ ነው። መሰርሰሪያው ጠንካራውን ንብርብር ሲነካ ይዞ የወጣው የተለመደውን የደለል ዓምድ ሳይሆን ጠጠር ነበር። ጠጠሩ ታጥቦ ሲለይ የባዝልት ስብርባሪ፣ የጠነከረ የባሕር ጭቃ፣ የሚያብረቀርቅ የጀሶ ክሪስታልና ከመደበኛ መጠናቸው እጅግ ያነሱ ዛጎሎች ተገኙ። ወንዝ ከስፔን ተራሮች አምጥቶት ቢሆን ኖሮ ይታይ የነበረው ነጭ የኳርትዝ ጠጠርና ግራናይት ግን አልነበረም። ጠጠሩ ከየብስ የመጣ ካልሆነ የባሕሩ ወለል ራሱ ተጋልጦ፣ ተሸርሽሮና ተንከባሎ የፈጠረው መሆን አለበት፤ ሹ ከዚህ ተነሥቶ ባሕሩ ደርቆ ነበር ወደሚለው ሐሳብ አመራ።

በባሌያሪክ ደሴቶች አጠገብ፣ ከ2700 ሜትር በሚበልጥ ውሃ ሥር በሚገኘው 124ኛው ጣቢያ ደግሞ አንሃይድራይት የሚባለው ውሃ አልባ የካልሲየም ሰልፌት ድንጋይ ወጣ። ከእርሱ ጋር ተፈራርቀው የተገኙት ቀጫጭን ንጣፎች ብርሃን በሚደርስበት በጣም ጥልቀት በሌለው ውሃ የሚያድጉ ረቂቃን ፍጥረታት የሚሠሩት ዓይነት ነበሩ። ይህን የመሰለ ጥምረት ዛሬ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ በአቡ ዳቢ የባሕር ዳርቻ ያለው፣ «ሳብካ» የሚባለው ጨዋማ ሜዳ ነው፤ በኤምሬቶች የሚኖሩ ወገኖቻችን ከመንገድ ዳር የሚያዩት ነጭ ቅርፊት ያለው ጠፍጣፋ መሬት ማለት ነው። ከሰርዲኒያ ምዕራብ በሚገኘው 134ኛው ጣቢያም የድንጋይ ጨው ራሱ ወጣ።

ሦስት መላምቶች

ማስረጃው በጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋ በኋላ እንኳ በአጥኚዎቹ መካከል ስምምነት አልነበረም። ሹ፣ ራያንና ማሪያ ቢያንካ ቺታ ያቀረቡት ሐሳብ ሜዲትራኒያን እንደ ዛሬው ጥልቅ ጎድጓዳ ሆኖ ሳለ ውሃው ወርዶ ጨው በጎድጓዳው ግርጌ ባሉ ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች ተዘረጋ የሚል ነበር፤ በ1973 «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት ያወጡት ጽሑፍም ይህን ይዟል። እዚያው መርከብ ላይ አብሯቸው የሠራው ቭላድሚር ኔስቴሮፍ ግን በዚያን ጊዜ ጎድጓዳው ራሱ ጥልቅ አልነበረም፣ ጨው የተሠራው ዝቅ ባሉ የባሕር ዳር ሐይቆች ውስጥ ነው፣ ወለሉ የሰመጠውም ከዚያ በኋላ ነው ይል ነበር። ሦስተኛው አማራጭ ሮበርት ሽማልዝ በ1969 በአጠቃላይ ስለ ትልልቅ የጨው ክምችቶች ካቀረበው ሐሳብ የሚነሣ ሲሆን፣ ባሕሩ ጥልቅ እንደሆነና ውሃውም ብዙም ሳይቀንስ፣ ጨዋማነቱ እጅግ ሲጨምር ጨው ከጥልቅ ውሃ ውስጥ ሊዘቅጥ ይችላል የሚል ነው።

ሦስቱም መላምቶች ጨው መኖሩን ያስረዳሉ። የሚለያዩት በጥልቀት ጉዳይ ነው፤ የጎድጓዳው ጥልቀትና የውሃው ጥልቀት። ስለዚህ ክርክሩን ሊፈታ የሚችለው ከጨው በታችና ከጨው በላይ ያለው ደለል ሲሠራ ውሃው ምን ያህል ጥልቅ እንደነበር የሚናገር ምስክር ብቻ ነበር።

ምስክሮቹና አመራመራቸው

ፎራሚኒፌራ የሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ የባሕር ፍጥረታት አብዛኞቹ ከካልሲየም ካርቦኔት ዛጎል ይሠራሉ። መጠናቸው ከጤፍ ቅንጣት ያንሳል። አንዳንዶቹ በላይኛው ውሃ ተንሳፍፈው፣ ሌሎቹ በወለሉ ጭቃ ላይና ውስጥ ይኖራሉ። ተንሳፋፊዎቹ በሰፊ ባሕር ተሰራጭተው ዝርያቸው በየዘመኑ ስለሚለዋወጥ ለዕድሜ ቆጠራ ያገለግላሉ፤ የወለሉ ነዋሪዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው የሚመርጡት ጥልቀት፣ ኦክስጅንና ጨዋማነት ስላለ የአካባቢውን ሁኔታ ይናገራሉ። ለምሳሌ አሞኒያ የሚባለው የፎራሚኒፌራ ዘር በባሕር ዳር ሐይቆችና ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት አካባቢ የሚበዛ፣ የጨዋማነት መለዋወጥን የሚችል ነው፤ በብዛት በተገኘበት ደለል ላይ ጥልቅ ባሕር ነበር ማለት አይቻልም። ከእነዚህ ሌላ ኦስትራኮድ የሚባሉት በሁለት ክዳን ዛጎል የተሸፈኑ ደቃቅ የሸርጣን ዘመዶች፣ ከሲሊካ መስታወት መሰል ሣጥን የሚሠሩት ዳያተሞች፣ እንዲሁም ከሁሉም የሚያንሱት የካልሲየም ናኖፕላንክተን ቅንጣቶች አሉ። በዙሩ ናኖፕላንክተኑን የመረመረው ኸርበርት ሽትራድነር ሲሆን፣ ተንሳፋፊ ፎራሚኒፌራዎቹን የያዘችው በሚላኖ ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ማሪያ ቢያንካ ቺታ ናት።

በመርከብ ላይ የሥራው ቅደም ተከተል ቀላል ይመስላል። የቁፋሮው ቧንቧ ዘጠኝ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የደለል ዓምድ ይዞ ሲወጣ፣ ከዓምዱ ግርጌ በመያዣው የተረፈችው ጭብጥ የማትሞላ ናሙና ከሁሉ በፊት የምትሄደው ወደ ቅሪተ አካል አጥኚው ነው። ናሙናዋ በውሃ ትዘፈዘፋለች፤ ከዚያም ቀዳዳው 63 ማይክሮን በሆነ ወንፊት ላይ በቀስታ ትታጠባለች። ጭቃው ወርዶ ሲያልቅ በወንፊቱ ላይ የሚቀረው ነጣ ያለ ብናኝ ይደርቅና በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተበትኖ በአጉሊ መነጽር ሥር ይገባል። አጥኚዋ ጫፉ በረጠበ ቀጭን ብሩሽ ዛጎሎቹን አንድ በአንድ እያነሣች፣ የክፍሎቻቸውን ብዛት፣ የአፋቸውን ቅርጽ፣ የሚጠመዘዙበትን አቅጣጫ እያየች በየዝርያቸው ትደረድራቸዋለች። መሰርሰሪያው ለቀጣዩ ዓምድ እየወረደ ሳለ የሚጠበቀው የእርሷ ቃል ነው፤ የደረስንበት ደለል የየትኛው ዘመን ነው፣ የምን ዓይነት ባሕር ነው?

ወሳኙ ናሙና የተገኘው በጣሊያንና በሰርዲኒያ መካከል ባለው በቲሬኒያን ባሕር በሚገኘው 132ኛው ጣቢያ ነው። ውሃው 2800 ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። ከወለሉ ጀምሮ እስከ ጨው ዘመን ንብርብር ድረስ ያለው ደለል እምብዛም ሳይቋረጥ ወጣ፤ በአንድ ዓምድ ውስጥም ሁለቱ ዘመናት የሚገናኙበት መስመር ተገኘ። ከመስመሩ በታች ጀሶ ያለበት ደለል አለ። ከመስመሩ በላይ ያለው ደለል በአመዛኙ በዛጎሎች የተሞላ የጥልቅ ባሕር ጭቃ ነው፤ በውስጡም በክፍት ባሕር የሚንሳፈፉ ፎራሚኒፌራዎች በብዛት ይታያሉ። በሁለቱ መካከል የባሕር ዳር አሸዋ የለም፤ ጥልቀት የሌለው ውሃ ቀስ በቀስ ወደ ጥልቅ ባሕር ሲለወጥ የሚያልፍባቸው የዛጎል ማኅበረሰቦችም የሉም። ቺታ ከጨው ዘመን ቀጥሎ የሚመጣው የፕላዮሲን ዘመን በሜዲትራኒያን የመጀመሪያው ክፍል አድርጋ የወሰነችው ስፌሮይዲኔሎፕሲስ የተባለው ዘር የበዛበትን ንብርብር ሲሆን፣ ይህ ንብርብር በሲሲሊ የባሕር ዳር ገደሎች «ትሩቢ» በሚባለው ነጭ ኖራማ ጭቃ ግርጌ ላይም አለ። በዚህም የየብሱና የባሕሩ ወለል ታሪክ ተያያዘ።

የዚህ ድንገተኛ ለውጥ ትርጉም ምንድን ነው? ኔስቴሮፍ እንዳለው ወለሉ የሰመጠው ከጨው በኋላ ቢሆን ኖሮ፣ በመሬት ቅርፊት እንቅስቃሴ የሚሆን መስመጥ ብዙ መቶ ሺሕ ዓመታት የሚፈጅ ስለሆነ፣ ከጨው በላይ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ደለሎች ጥልቀት በሌለው ውሃ የሚኖሩ ዛጎሎችን ይዘው፣ ከዚያ እየጠለቀ የሚሄድ ባሕር ባሳዩ ነበር። ከጨው በላይ ወዲያውኑ የጥልቅ ባሕር ዛጎል መገኘቱ ጎድጓዳው ውሃ እስኪመለስለት የሚጠብቅ ጥልቅ ጎድጓዳ እንደነበር ያመለክታል።

የክርክሩ ሁለተኛ ግማሽ ግን ገና ነበር፤ ከጨው በፊትስ? ለዚህ መልስ የተገኘው በ1975 በተደረገው 42ኛው ዙር፣ ከሜኖርካ ደሴት አጠገብ በሚገኘው 372ኛው ጣቢያ ነው። መሰርሰሪያው ከሜሲኒያን ንብርብር በታች አልፎ እስከ ታችኛው ማዮሲን፣ ማለትም ከጨው ዘመን እጅግ ቀደም እስካለው ደለል፣ ወረደ። ከጨው ዘመን በፊት ያለው ደለልም በጥልቅ ባሕር የሚሠራ ጭቃ ሆኖ ተገኘ። ከታች ጥልቅ ባሕር፣ ከላይ ጥልቅ ባሕር፣ በመካከሉ ደግሞ ፀሐይ የሚነካው የጨው ኩሬ። ይህን ቅደም ተከተል የጎድጓዳውን ወለል በማንሣትና በማውረድ ብቻ ለማስረዳት፣ መላው የሜዲትራኒያን ወለል በሺሕ ሜትሮች ተነሥቶ መልሶ ሰመጠ ማለት ያስፈልጋል፤ ይህን የሚደግፍ ማስረጃ የለም። ውሃው ወረደ፣ ተመለሰ ማለት ግን ይቀላል።

ባዶው ወንፊት እና የተሳሳተ ምስክር

እስካሁን የተናገርሁት ምስክርነቱ ግልጽ ስለሆነበት ክፍል ነው። በጨው ዘመን ውስጥ ያለው ደለል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወንፊቱ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይቀራል፣ ወይም የሚያደናግር ነገር ይይዛል። ፎራሚኒፌራና ናኖፕላንክተን እጅግ ጨዋማ በሆነ ውሃ አይኖሩም። በላይኛው የጨው ዘመን ንብርብሮች የተገኙት ኦስትራኮዶች በአመዛኙ ሳይፕሪዴይስ የሚባለው ዘርና መሰሎቹ ሲሆኑ፣ እነዚህ ለባሕር ውሃ ሳይሆን ጨውነቱ ለቀነሰ የሐይቅ ውሃ የሚስማሙ ናቸው። በዚህ ምክንያት የመጨረሻው ምዕራፍ «ላጎ ማሬ»፣ ማለትም የሐይቅ ባሕር፣ ተብሏል። ዘመዶቻቸው የሚገኙት በዚያ ዘመን ከዛሬው ጥቁር ባሕር እስከ ካስፒያን ባሕር ይደርስ በነበረው ትልቅ የሐይቅ ባሕር ውስጥ ስለነበር፣ ውሃ ከዚያ በኩል ገብቶ ነበር የሚሉ አጥኚዎች አሉ።

በእነዚሁ ንብርብሮች ውስጥ አልፎ አልፎ ድንክ የሆኑ ተንሳፋፊ ፎራሚኒፌራዎች ይገኛሉ። ይህን ይዞ «በጨው ዘመን መካከል የባሕር ውሃ ገብቷል» ማለት ይቻላል? እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። ባሕሩ ሲወርድ ዳርቻዎቹ ተጋልጠው በዝናብና በወንዝ ይሸረሸራሉ፤ ቀደም ባሉት ሚሊዮን ዓመታት ደለል ውስጥ የነበሩት ዛጎሎች ታጥበው ወደ ጎድጓዳው ይወርዳሉ፣ በአዲሱ ደለልም ውስጥ እንደ አዲስ ይቀበራሉ። መጠናቸው ተመሳሳይና ትንሽ ብቻ መሆኑ ውሃ መርጦ ያጓጓዛቸው መሆኑን ሊያሳይ ይችላል፤ የተሰባበሩ፣ የተፋቁ ወይም የተለያየ ዘመን ዝርያዎች የተቀላቀሉባቸው ከሆነም ጥርጣሬው ይጠነክራል። በቁፋሮ ጊዜም ከላይኛው ንብርብር የወደቁ ዛጎሎች ወደ ታችኛው ናሙና ሊገቡ ይችላሉ። የሙያው ጥንካሬ የሚለካው ስንት ዝርያ ተገኘ በሚል ሳይሆን የተገኘው ዛጎል በዚያ ቦታ የኖረ ነው ወይስ የተጓዘ ነው የሚለውን በመለየት ነው፤ በላጎ ማሬ ምዕራፍ ላይ ያለው ክርክር እስከ ዛሬ የዘለቀውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው በጥሞና መታየት ያለበት ነገር ይህ የጨው ቀውስ ድንገት ያልጀመረ መሆኑ ነው። የሜሲኒያን ዘመን የሚጀምርበት ከ7.25 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለው ወቅት ካለፈ ብዙም ሳይቆይ፣ በሜዲትራኒያን ወለል የሚኖሩት ፎራሚኒፌራዎች ዓይነታቸው እየቀነሰ፣ ኦክስጅን ያነሰውን ውሃ የሚችሉት እንደ ቦሊቪናና ቡሊሚና ያሉት እየበዙ መጡ። ጨው ከመከማቸቱ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ አስቀድሞ የጥልቁ ውሃ መታደስ እየደከመ ነበር ማለት ነው። ባሕሩን ከአትላንቲክ ጋር ያገናኙ የነበሩት በዛሬዎቹ ደቡብ ስፔንና ሰሜን ሞሮኮ የሚያልፉ መተላለፊያዎች በመሬት ቅርፊት መነሣት ሲጠቡ የመጀመሪያውን ጉዳት የቀመሱት፣ መጀመሪያም ያሳወቁት፣ እነዚህ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው።

ቀኑን መቁረጥ

ክስተቱ መቼ እንደሆነ በትክክል የተወሰነው በ1999 ነው። ቮውት ክሬይግስማንና ባልደረቦቹ በ«ኔቸር» ባወጡት ጥናት በስፔን ሶርባስ፣ በሲሲሊና በግሪክ ያሉ ተመሳሳይ የደለል ንብርብሮችን አነጻጸሩ። ሜዲትራኒያን በየሃያ አንድ ሺሕ ዓመቱ ገደማ ከሚለዋወጠው የምድር ዘንግ አቅጣጫ ጋር የሚፈራረቁ ንብርብሮች አሉት፤ ይህ ዑደት ዛሬም የሰሜን አፍሪካንና የኢትዮጵያን ከፍተኛ ቦታዎች የክረምት ዝናብ መጠን የሚወስን፣ በእሱም በኩል የዓባይን ሙላት የሚያበዛና የሚቀንስ ነው። ሆኖም ንብርብር መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ በአንዱ ቦታ የተቆጠረው ዑደት በሌላው ቦታ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም የሚያሳይ ምልክት ያስፈልጋል። ከዋነኞቹ ምልክቶች አንዱ ኒዮግሎቦኳድሪና አኮስታኤንሲስ የሚባለው ተንሳፋፊ ፎራሚኒፌራ ነው። ይህ ፍጥረት ከ6.35 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የዛጎሉን ጥምዝ ከግራ ወደ ቀኝ በብዛት ለውጦ ነበር፤ ለውጡም በመላው ሜዲትራኒያን በአንድ ጊዜ ይታያል። በእንዲህ ዓይነት ምልክቶች ተያይዘው የተቆጠሩት ንብርብሮች ጀሶው በምሥራቅም በምዕራብም መከማቸት የጀመረው በአንድ ጊዜ፣ ከ5.96 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ አሳዩ፤ በኋላ ቁጥሩ ወደ 5.97 ተስተካክሏል። ማብቂያው ደግሞ 5.33 ሚሊዮን ዓመት ነው። የፕላዮሲን ዘመን መጀመሪያ ዓለም አቀፍ ማመሳከሪያ ሆኖ በ2000 የጸደቀውም በሲሲሊ ኤራክሊያ ሚኖዋ ያለው ከጨው ዘመን ደለል ወደ ትሩቢ የሚሻገረው መስመር ነው።

በዚህ 640 ሺሕ ዓመት ገደማ ውስጥ የተከማቸው ጨው አንድ ሚሊዮን ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሆነ ይገመታል፤ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያልፋል። ዛሬ ያለው የሜዲትራኒያን ውሃ በሙሉ አንድ ጊዜ ቢተን የሚተወው ጨው በአማካይ ከጥቂት አሥርት ሜትሮች አይበልጥም። ስለዚህ «ባሕሩ አንድ ጊዜ ደረቀ» የሚለው አባባል ብቻውን አይበቃም፤ ጨዋማ ውሃ ከአትላንቲክ በተደጋጋሚ ወይም ያለማቋረጥ እየገባ፣ ሳይወጣ እየተነነ መሆን አለበት።

ዓባይ እና ዳሎል

ከመርከቧ ጉዞ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲገነባ የሶቪየቱ ጂኦሎጂስት ቹማኮቭ ከወንዙ ሥር ያለውን መሬት በጉድጓድ እያስመረመረ ሳለ ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። ከዛሬው ዓባይ ሥር በግራናይቱ ውስጥ ተቆርጦ ከባሕር ጠለል በታች ከሁለት መቶ ሜትር በላይ የሚወርድ ጠባብ ሸለቆ ነበር፤ ሸለቆው የተሞላው ደግሞ የፕላዮሲን ዘመን የባሕር ቅሪተ አካላት ባሉበት ጭቃ ነው። አስዋን ከሜዲትራኒያን ዳርቻ በወንዙ መንገድ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ወንዝ ከባሕር ጠለል በታች ሊቆርጥ የሚችለው የሚፈስበት ባሕር ዝቅ ሲል ብቻ ስለሆነ፣ የሸለቆው ትርጉም የተገለጠው የመርከቧ ውጤት ከታወቀ በኋላ ነው። በካይሮ አካባቢ ይኸው ጥንታዊ ሸለቆ ወደ 2500 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ባሕሩ ሲመለስ ሸለቆውን ተከትሎ እስከ አስዋን ድረስ ረጅም ወሽመጥ ሆኖ እንደገባ የመሰከሩት በጭቃው ውስጥ የቀሩት ዛጎሎች ናቸው።

ባሕር ተቆርጦ የደረቀበት መሬት ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአፋር የሚገኘው የዳናክል ረባዳ ለመጨረሻ ጊዜ ከመቶ ሃያ ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት በቀይ ባሕር ውሃ ተጥለቅልቆ ነበር፤ በዳርቻው የቀሩት የኮራልና የዛጎል ድንጋዮች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ውሃው ተነነ፤ ዛሬ አፋሮች አሞሌ የሚቆርጡበት ሜዳ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በወፍራም ጨው ላይ ተዘርግቷል። የዳናክሉ ረባዳ ከሜዲትራኒያን ጋር በስፋትም በዘመንም አይወዳደርም። ነገር ግን በጥልቅ ጎድጓዳ ግርጌ ጨው ጥልቀት ከሌለው ውሃ ሊከማች ይችላል ወይ ብሎ ለሚጠራጠር ሰው፣ ዛሬም በዓይን የሚታይ ማስረጃ ነው።

የባሕሩ መመለስ

በጂብራልታር በኩል አትላንቲክ ሰብሮ ሲገባ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ ገና ይከራከሩበታል። ዳንኤል ጋርሲያ-ካስቴያኖስና ባልደረቦቹ በ2009 በሠሩት ስሌት አብዛኛው ውሃ ከጥቂት ወራት እስከ ሁለት ዓመት ባለ ጊዜ ውስጥ ገብቷል። ከዛጎሎቹ አንጻር የሚታየው ከዚህ ጋር አይጋጭም፤ የትሩቢ ግርጌ በየትም ቦታ ቢታይ በአንድ ጊዜ፣ በክፍት ባሕር ዝርያዎች ይጀምራል። የአሜሪካው የኦስትራኮድ አጥኚ ሪቻርድ ቤንሰን ደግሞ በፕላዮሲን ደለል ውስጥ በቀዝቃዛ ጥልቅ ውሃ ብቻ የሚኖሩ ኦስትራኮዶችን አግኝቷል። ዛሬ የሜዲትራኒያን ጥልቅ ውሃ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ ለእነዚህ ዝርያዎች ይሞቃል። ያኔ መግቢያው ከዛሬው ጠልቆ፣ የአትላንቲክ ጥልቅ ውሃ በቀጥታ ይገባ ነበር ሲል ቤንሰን ደመደመ።

ውሃው ምን ያህል እንደወረደ በተመለከተ አሁን ከዛጎሎች ውጭ ሌሎች መለኪያዎችም ተጨምረዋል። በ2024 የወጣ የክሎሪን አይሶቶፖች (በክብደት የሚለያዩ የክሎሪን አተሞች) ጥናት በምሥራቁ ሜዲትራኒያን የውሃው ከፍታ ከ1.7 እስከ 2.1 ኪሎ ሜትር፣ በምዕራቡ 850 ሜትር ያህል እንደወረደ ገምቷል። በዚያው ዓመት ኮንስታንቲና አጊያዲ የመራችው፣ በ«ሳይንስ» መጽሔት የወጣው ጥናት ደግሞ ከረቂቃን እስከ ዓሣና የባሕር አጥቢዎች ያሉ ቅሪተ አካላትን አሰባስቦ፣ ከቀውሱ በፊት በሜዲትራኒያን ብቻ ይኖሩ ከነበሩት 779 ዝርያዎች ቀውሱን ያለፉት 86 ብቻ እንደሆኑ፣ የዝርያ ብዛቱም እስኪያገግም ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደወሰደ አሳይቷል። ሌላው አብዛኛው የዛሬ ነዋሪ ከአትላንቲክ የመጣ ነው።

ያም ሆኖ በጥልቁ ጎድጓዳ መካከል ያለውን ጨው ከአናቱ እስከ ግርጌው አልፎ የወሰደ ሳይንሳዊ ቁፋሮ እስካሁን የለም። ከዲሴምበር 2023 እስከ ፌብሩዋሪ 2024 «ጆይደስ ሬዞሉሽን» የተባለችው መርከብ 401ኛ ተብሎ በተቆጠረው ጉዞ ከጂብራልታር በሁለቱም በኩል፣ በአትላንቲክና በአልቦራን ባሕር፣ የዚያን ዘመን ደለል አውጥታለች። ከጨው የራቁ በመሆናቸው በእነዚህ ዓምዶች ውስጥ ዛጎሎቹ ያልጠፉባቸው ንብርብሮች አሉ፤ መተላለፊያዎቹ መቼ እንደጠበቡና መቼ እንደተዘጉ የሚወሰነውም በአሁኑ ጊዜ በየቤተ ሙከራው በወንፊት እየታጠቡ ካሉት ከእነዚያ ናሙናዎች ነው።